የሼህ ይማም ትከሻ

አያ ሰይድ ፎቶ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን በእጄ የተሰጠኝ ካሜራ አይደለም፤ ጥቁር ጋወን ነው።

«ልበሽው» አሉኝ። «መድኃኒቱ ልብስ ይበላል።»

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ አልመጣልኝ ብሎ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ከሚሴ ውስጥ «እና አሁን ምን ልትሆኚ ነው?» ያላለኝ ሰው የለም። ፎቶ አንሺ ልሆን ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር። አያ ሰይድ ግን በሩ ላይ ነው ያረሙኝ። «ፎቶ አንሺው እኔ ነኝ። አንቺ አጣቢ ነሽ።»

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። የፊተኛው፣ የአዲስ አበባና የደሴ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ የሙሽራና የወታደር ፎቶ በመስታወት ውስጥ የተደረደረበት ነው። መሃለኛው ማንሻው ነው፤ በኖራ የተለሰነ ነጭ ግድግዳ፣ አንድ በርጩማ፣ በእንጨት እግር የቆሙ ሁለት ፓውዛዎች፣ ባለሦስት እግር ላይ የተቀመጠ ካሜራ። ጓዳው ጨለማ ክፍሉ ነው፤ ቀይ አምፖል፣ ማጉያ፣ የመድኃኒት ሳህኖች። አንዱ ሳህን ምስሉን ያወጣል፣ አንዱ ያቆመዋል፣ አንዱ ያጸናዋል። የኔ ቦታ ጓዳው ነበር።

ፎቶ ቤት ማዕረግ አለው። ከታች አጣቢ አለ፤ ማንም አያየውም። ከሱ በላይ መብራት ያዥ ነው፤ ፓውዛውን ያቀናል፣ ደንበኛውን ያስቀምጣል፣ አንገቱን ያቃናል። ከሁሉ በላይ ካሜራው ኋላ የሚቆመው ነው። ከኔ በፊት አጣቢውም መብራት ያዡም ወንዶች ነበሩ። አንደኛው ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ሁለተኛው እንዳይወሰድ ብሎ ጨፋ ውስጥ ዘመድ ቤት ገባ። አያ ሰይድ ሴት የቀጠሩት ወደው አይደለም። እኔም ይህን አውቄ ነው የገባሁት፤ የጎደለው ሁለት ቦታ ነው፣ ዛሬ አጣቢ ብሆን ነገ መብራት ያዥ መሆኔ አይቀርም ብዬ።

ከዚያ ዘምዘም መጣች።

ከኔ በኋላ ነው የመጣችው። ይሄን አስምሩበት። አብረን ተምረናል፣ አብረን ወድቀናል። በእንግሊዝኛ እበልጣታለሁ፤ በሒሳብ አጠገቤ አትደርስም። አያ ሰይድ ግን ለእሷ ጋወን አልሰጧትም። በነጠላዋ እንዳለች ፓውዛው ጎን አቆሟት።

«ለምን?» አልኳቸው እዚያው። እኔ ነገር ማሳደር አልችልም።

«ምኑ ለምን?»

«እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት።»

«እሷ ሰው ማናገር ትችላለች።»

«እና እኔ ዲዳ ነኝ?»

«አይ፣ አንቺማ ትናገሪያለሽ» አሉና ሳቁብኝ።

ዘምዘም እንዴት እንደምትሠራ ልንገራችሁ፤ ከእኔ በላይ ያየ የለምና። ከቦርከና ወዲያ ያለ ገበሬ ይመጣል። በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ሊያርዱት የተዘጋጁ ይመስል አንገቱን ያደርቃል። እሷ ፓውዛውን እያቀናች፣ ፊቱን እንኳ ሳታይ፣ «ነጋ? ሎን ነጋ?» ትለዋለች። ሰላም ነው፣ ከብቱስ ሰላም ነው ማለቷ ነው። ሰውየው ስለ አንዲት ጊደሩ ማውራት ይጀምራል። ትከሻው ይወርዳል። ያኔ አያ ሰይድ ጠቅ ያደርጋሉ።

ኦሮምኛ እኔም እችላለሁ፤ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው። አንድ ቀን እሷ በሌለችበት አንዱን ከብትህ ደህና ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ስንት ናቸው ልትይ ነው? ለቀበሌ ነግሬያለሁ» ብሎ ተነሳ። ያው ቃል፣ ያው በርጩማ ነው። ከኔ አፍ ሲወጣ ምርመራ ሆነ።

በዚያ ቤት ከሰው ይልቅ የከበረ አንድ ዕቃ ነበር፤ የቤቱ ኮት። ጥቁር፣ ሰፊ፣ ክንዱ ላይ የተጣፈ፣ በሚስማር ላይ የሚውል። ጉርድ ፎቶግራፍ ሊነሳ የሚመጣ ወንድ ሁሉ እሱን ይለብሳል። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ መታወቂያችሁን አውጡ ቢባል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አንድ ኮት ለብሶ ይገኛል። ደንበኞች ኮቱ ለማማር ይመስላቸዋል። ለማማር አይደለም። የመታወቂያ ግድግዳ ነጭ ይሁን ይባላል፤ የኛ አገር ሰው የክት ልብሱ ነጭ ነው። ነጭ ለብሶ ነጭ ግድግዳ ፊት የተቀመጠ ሰው ፊልሙ ላይ ልብሱ ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል፤ የሚቀረው ራስ ብቻ ነው። አያ ሰይድ ይሄን ችግር መፍታት ትተው ኮት አለበሱት። ለብዙ ዓመት ሠራ።

የማይሠራበት ቀን የመጣው ሐጅ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ሲመጡ ነው። ብዙ አይደሉም፤ ያኔ የሚፈቀድለት ጥቂት ሰው ነበር። መሪያቸው ከዚህ ቀደም ሄደው የተመለሱት ሐጂ ኡመር ናቸው፤ ወረቀታቸውንም አዲስ አበባ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ሁሉም ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰዋል፤ ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ። ፓስፖርት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ ግድግዳው ነጭ ይሁን ብሏል።

አያ ሰይድ ኮቱን ከሚስማሩ አውርደው፣ ከጨፋ ሮቢት በኩል ለመጡት ለሼህ ይማም ዘረጉላቸው። ሼህ ይማም ቀጭን፣ ረዥም፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ኮቱን በሁለት ጣት ይዘው አሸተቱት።

«ይሄን ማን ማን ለብሶታል?»

«ሰው ነዋ፣ ሼህ። ንጹሕ ነው።»

«የሰካራሙንም የሌባውንም ላብ ተሸክሜ ነው አላህ ቤት የምሄደው? አስታግፊሩላህ። የመጣሁበትን ልብስ እንደለበስኩ አንሱኝ።»

ሌሎቹም ከሼህ ይማም ጋር አንድ ሆኑ። ኮቱ ወደ ሚስማሩ ተመለሰ።

አያ ሰይድ የዚያን ጊዜ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ሰው እንዳያውቅባቸው ካሜራውን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚያቀኑት። እኛ ግን እናውቃለን፤ ከሚያነሱት ፊልም ብዙው የደበዘዘ ነበር፣ አጥቤ የማወጣው እኔ ነኝና። ሽማግሌዎቹ ደጅ ሻይ እየጠጡ ሳለ ሁለታችንን ጠሩን።

«እነዚህን አባቶች እናንተ ታነሳላችሁ። የማን ጥሩ እንደሆነ አያለሁ። ካሜራው ከዚያ ወዲያ የእሷ ነው፤ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሰላምታ እቀበላለሁ።»

«ማን ይቅደም?» አለች ዘምዘም።

«እኔ» አልኩ። ቀድሜ መጥቻለሁ።

ጋወኑን አውልቄ ካሜራው ኋላ ቆምኩ። ያወቅኩት መስሎኝ ነበር። ነጩ እንዲታይ ብርሃን መጨመር አለበት ብዬ ሁለቱንም ፓውዛ ሼህ ይማምና ግድግዳው ላይ ለቀቅኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አይጨፍኑ» አልኳቸው። «ጸሐይ ፊቴ ላይ አውጥተሽ አትጨፍን ትይኛለሽ?» አሉኝ። አነሳሁ። ራሴው አጥቤ አወጣሁ።

ሳህኑ ውስጥ መጀመሪያ ጢም ወጣ። ቀጥሎ ዓይን። ቀጥሎ አፍንጫ። ሌላ ነገር ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልወጣም። ወረቀቱ መሃል ላይ የአንድ ሽማግሌ ፊት ተንሳፍፏል፤ ጥምጥም የለ፣ አንገት የለ፣ ትከሻ የለ። ግድግዳው ግን እንደ ወተት ነጭ ነው።

ሼህ ይማም እንዲያዩት ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። ጀርባውንም አዩ፤ የቀረው አካላቸው በዚያ በኩል ያለ ይመስል።

«ያ ኢንተላ» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «ገና ሳልሞት ከፈንሽኝ?»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አንደኛው «ጀናዛው ዛሬ ነው በሉና ሰው ጥሩ» አለ። እኔ ጋወኔን ለብሼ ጓዳ ገባሁ።

ዘምዘም ተተካች። ምን እንዳደረገች በበሩ ስንጥቅ አየሁ። በርጩማውን ከግድግዳው አርቃ ወደ ፊት አመጣችው። አንዱን ፓውዛ አጠፋች። የቀረውን ወደ ጎን ወስዳ አቡጀዲ ጋረደችበት፤ ብርሃኑ በጋቢው እጥፋት ላይ እየተንሸራተተ እንዲሄድ። ከዚያ ስለ ማሽላው ጠየቀቻቸው። ሼህ ይማም ስለ ወፍ አወሩ፤ ዘንድሮ ወፉ ከገበሬው በፊት ነው የሚያጭደው አሉ። ጠቅ አደረገች።

አሁን የአጣቢን ዕጣ ስሙ። እሷ የምታነሳውን ከእሷ በፊት የማየው እኔ ነኝ። በቀዩ መብራት ሥር፣ በገዛ እጄ ሳህኑን እያወዛወዝኩ፣ የዘምዘምን ሥራ አወጣሁት። ጥምጥሙ ዙር በዙር ይቆጠራል። የጋቢው ጥለት ይታያል። የሼህ ይማም አፍ ወፎቹን ሊያባርር እንደተዘጋጀ ትንሽ ከፈት ብሏል። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ትንሽ አቆይቼ ላጥቁረው ወይ የሚል ሐሳብ መጣብኝ ብል ማን ይገረማል? አላጠቆርኩትም። ለእሷ አዝኜ አይደለም፤ እኔ ያጠብኩት ፎቶ አይበላሽም።

ሼህ ይማም ፎቶውን አይተው ስሟን ጠየቁ።

«ዘምዘም።»

«ኧረ ሐጂ ኡመር! ዘምዘም እዚሁ ከሚሴ እያለች እኛ ባሕር ተሻግረን ምን ልንጠጣ ነው?»

ዘምዘም መካ ላይ የሚጠጣው የተባረከ ውሃ ስም ነውና፣ ይህ ቀልድ ከከሚሴ እስከ ጨፋ ሮቢት ደረሰ። የጭነት መኪና ሾፌር ሳይቀር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዘምዘም አለች?» እያለ ያልፍ ጀመር። ሁሉንም ሽማግሌዎች እሷ አነሳች፤ ሁሉንም እኔ አጠብኩ። ሐጂ ኡመር ፎቶዎቹን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ።

ተመልሰው ሲመጡ ፎቶዎቹም አብረው ተመለሱ።

«ግድግዳው ነጭ ይሁን አልን እንጂ አመዳም ይሁን አላልንም አሉ» አሉ ሐጂ ኡመር፤ ከትከሻቸው አቧራ እያራገፉ። «ነጭ ካልሆነ አንቀበልም ነው የሚሉት።»

ፎቶዎቹን እንደገና አየሁ። እውነት ነው። ዘምዘም ሰውየውን ለማሳየት ብላ ግድግዳውን አጨልማዋለች። ማንም ልብ አላለውም ነበር፤ ሁሉም ጋቢውን ነበር የሚያየው። የኔ ግድግዳ ነጭ ነበር፣ ሰው የለበትም። የእሷ ሰው አለበት፣ ግድግዳው አመድ ነው።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሳህኖቹን ሳጥብ አንጎራጎርኩ።

ደስታዬን የቀጩት አያ ሰይድ ናቸው። በማግስቱ ጠርተውን፣ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «ሽማግሌዎቹን ኮምቦልቻ ልልካቸው ነው» አሉ። «ካሜራውንም እዚያ ያለው ሰውዬ ስጠኝ እያለ ሲለምነኝ ከርሟል። ይውሰደው። እኔ አላይ፣ እናንተ አልቻላችሁ።»

«እና እኛስ?» አልኩ።

«እናንተማ ልጆች ናችሁ። ሥራ አይጠፋም።»

ለእሳቸው መናገር ቀላል ነው። እኔ ከዚያ ቤት ብወጣ የሚጠብቀኝ የእናቴ በረንዳና «እና አሁን ምን ልትሆኚ ነው?» ነው። ከዚያም የባሰ፣ ካሜራው ከዘምዘም እጅ ሊወጣ ነው ብዬ ልደሰት አልቻልኩም፤ ከኔም ዓይን ስለሚጠፋ። የማይሰጡኝን ነገር ቢያንስ በየቀኑ አየው ነበር።

ዘምዘም ግን «አያ ሰይድ፣ ሼህ ይማምን አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር» አለቻቸው። እሺ አሉ። እሷ ስትለምን እሺ ነው።

ከዚያ ጨለማ ክፍሉ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ፋጤ፣ ያንቺ ግድግዳ ነጭ ነበር። እንዴት አደረግሽው?»

እንደዚህ ነው የጠየቀችኝ። ሳታፍር፣ ሳትዞር። ይሄም አስቀናኝ፤ እኔ የእሷን አቡጀዲ በበር ስንጥቅ ነው ያየሁት፣ እሷ ግን አንድ አረፍተ ነገር ተናግራ ወሰደችው።

«ፓውዛውን ግድግዳው ላይ መልቀቅ ነዋ» አልኳት። «ሰው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ።»

«አላህ ይስጥሽ» ብላ ሄደች።

እኔ ግን እንዴት ልታደርገው እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። ሄጄ አያለሁ አልኩ።

ሼህ ይማም ሲመጡ ዘምዘም በርጩማውን ከግድግዳው አራቀች። አንዱን ፓውዛ ከሼሁ ጀርባ መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ በርጩማውና ሼሁ ስለሚከልሉት አይታይም። ሁለተኛውን በአቡጀዲ ጋርዳ በጎን አቆመች። እኔ ማንም ሳይጠራኝ ከጓዳ ወጣሁ። ጋወኔን እንደለበስኩ፣ እጄን አጣምሬ፣ ሼህ ይማም አጠገብ ተገትሬ እያንዳንዱን ነገር አየሁ። ትከሻቸውን ልነካ ምንም አልቀረኝም።

«ፋጤ፣ ትንሽ ራቅ በይ» አለች ዘምዘም ካሜራው ኋላ ሆና።

«ፎቶው ውስጥ ገባሁ?»

«አልገባሽም።»

«እንግዲያው ምን ቸገረሽ?»

ሼህ ይማም ቀና ብለው አዩኝ። «ይቺ ልጅ ከፈኑን ልትጨርስ ነው የመጣችው?»

ዘምዘም ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። በሳቃቸው መሃል ጠቅ አደረገች።

ጨለማ ክፍል ገብቼ ወረቀቱን ሳህኑ ውስጥ ጣልኩ። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ የኔው ግድግዳ። ፊቱ ወጣ፣ ሳቁ ወጣ፣ የጋቢው እጥፋት ወጣ። ከዚያ ትከሻዎቹን አየሁ። አንደኛው ትከሻ ግድግዳው ውስጥ ሟሙቶ ጠፍቷል። ከጀርባ ያለው ብርሃን ከግድግዳው እየተመለሰ ዳሩን በልቶታል። ሌላኛው ትከሻ ግን ከአንገት እስከ ክንድ በቀጭን ግራጫ መስመር ተከቧል። በእርሳስ የተሠመረ ይመስላል። ነጭ በነጭ ላይ፣ ግን ሁለት ነጭ።

በየትኛው በኩል እንደቆምኩ ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በዚያው በኩል ነበር። መስመሩ እኔ ነኝ። ጋወኔ ነው። ነጭ ጨርቅ አጠገቡ ያለውን ይቀበላል፤ አጠገቡ ጥቁር ቢቆም ዳሩ ትንሽ ይጠቁራል። ሌላው ትከሻ አጠገብ የቆመ ጥቁር ነገር ስላልነበረ ጠፋ።

ውሃው እየተንጠባጠበ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። የጮህኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ቀድሜ ካልተናገርኩ ዘምዘም ታየውና የእሷ ይሆናል ብዬ ነው።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «ትከሻውን ያወጣሁት እኔ ነኝ!»

አያ ሰይድ ከደጅ ገቡ። «ምን ሆነች?»

ወረቀቱን አሳየኋቸው፣ ጋወኑን አሳየኋቸው፣ የቆምኩበትን አሳየኋቸው። ዘምዘም ፎቶውን አየችው፣ እኔን አየች፣ ዘወር ብላም ሚስማሩ ላይ ያለውን ኮት አየች። ሁለታችንም እኩል ነው የሮጥነው። እኔ ደረስኩበት።

ኮቱን በመጥረጊያ እንጨት ላይ ሰቅዬ በጎደለው በኩል አቆምኩት። ሼህ ይማም ገና ሲያዩት እጃቸውን አነሱ።

«አልለብሰውም ብያለሁ!»

«አይለብሱትም አባባ። ከጎንዎ ይቆማል እንጂ።»

«ይቁም። ግን እንዳይነካኝ።»

በአንድ በኩል እኔ፣ በአንድ በኩል ኮቱ፣ መሃል ሼህ ይማም። ዘምዘም ካሜራው ኋላ ሆና «ፋጤ ትንሽ ቅረቢ... ትንሽ... በቃ» አለች። ቀደም ሲል ራቂ ያለችኝ ያቺው አፍ። ሼሁን «አባባ፣ የወፎቹ ነገር እንዴት ሆነ?» ስትላቸው ፊታቸው በራ። ጠቅ።

ያ ፎቶ ሄዶ አልተመለሰም። የሌሎቹም እንዲሁ። ግድግዳው ነጭ፣ ጋቢው ነጭ፣ መሃላቸው የፀጉር ያህል መስመር።

ሼህ ይማም የራሳቸውን ቅጂ ሲቀበሉ ዓይናቸው ላይ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «አልሐምዱሊላህ፤ አካሌን መለሳችሁልኝ» አሉ። «የማናችሁ ሥራ ነው?»

እኔ አፌን ስከፍት ዘምዘም ቀደመችኝ። «ያገኘችው ፋጤ ናት፣ አባባ።»

በቸርነት እንኳ ቀደመችኝ። እኔ ብናገረው ጉራ ነበር፤ እሷ ስትናገረው ምስጋና ሆነ፤ ምስጋናውም መልሶ ለእሷ። «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ» አሉ ሼህ ይማም፤ እሷን እያዩ።

አያ ሰይድ ያን ዕለት ፈረዱ። «ካሜራው የዘምዘም ነው። መብራቱ የፋጤ። ማጠቡን በፈረቃ ትሠራላችሁ።»

«ያገኘሁት እኔ ነኝ!» አልኩ።

«አዎ፣ አገኘሽ።»

«ታዲያ?»

ፎቶውን ዓይናቸው ላይ ተለጥፎ እስኪቀር አስጠግተው አዩትና መለሱልኝ። «ፊቱን እይው። ወዴት ነው የሚያየው?»

ወደ ካሜራው ነው። ወደ ዘምዘም። እንደ ልጃቸው እያዩዋት ነው።

«አንቺ ካሜራ ኋላ ስትቆሚ ሰው ትከሻውን ይሰበስባል፣ ፋጤ። ትከሻ አውጪ እንጂ ፊት አውጪ አይደለሽም።»

ሦስት ቀን ሥራ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን መጥቼ ፓውዛውን አቀናሁ። ጋወኑን ግን አልተውኩትም፤ አጣቢ ስለሆንኩ ሳይሆን ሥራው ስለሚፈልገው።

ሽማግሌዎቹ ከሐጅ ሲመለሱ ሼህ ይማም ስጦታ ይዘው መጡ። ለዘምዘም ነጭ ሻሽ፣ ጠርዙ በብር ክር የተጠለፈ። ለእኔ ጥቁር ከፋይ፣ ሙሉ ጣቃ ሊሆን ትንሽ የቀረው።

«ለሥራሽ ይሆንሻል» አሉኝ። «ሁልጊዜ ከሰው ጎን ቆመሽ አትችይም።»

ሻሹን አይቼ ከፋዩን አየሁ። ሻሹ ነው ያማረኝ። ከፋዩን ግን ለሁለት ቀድጄ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጠርኩት፤ ኮቱ ወደ ሚስማሩ ተመለሰ፣ እኔም ከሰው ጎን ተነሳሁ። እስከ ዛሬ የምንሠራበት እሱ ነው። የዒድ ዕለት ከሚሴ በሙሉ ነጭ ለብሳ ስትመጣ፣ ሙሽራ ስትመጣ፣ ክፈፎቹን ማስጠጋትና ማራቅ የኔ ነው። ለቀጭን ሰው ራቅ፣ ለደንዳና ሰው ጠጋ። ክፈፉ ፎቶው ውስጥ ጫፉ እንኳ እንዳይገባ ነው ብልሃቱ። ሰዎቹ ሲወጡ «ዘምዘም አላህ ይስጥሽ» ይላሉ። ክፈፉን ማንም አላመሰገነውም።

አምና በዒድ ዘምዘም «ተቀመጪ፣ አንቺን ላንሳሽ» አለችኝ። ነጭ ቀሚስ ለብሼ ነበር። አይሆንም ብል ኩራት ይመስላል ብዬ ተቀመጥኩ። ክፈፎቹን ራሴ አስተካከልኩ፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም። ስለ ምን ትጠይቀኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ምንም አልጠየቀችኝም። አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ጠቅ አደረገች።

ራሴ አጠብኩት። ፊቴ ላይ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ካሜራውን ሳይሆን ካሜራው ኋላ ያለችውን ነው የማየው። መስታወቱ ውስጥ እንዲሰቀል አልፈቀድኩም። ትከሻዬ ግን ከአንገት እስከ ክንድ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ከሼህ ይማምም ይበልጣል። ዘምዘምም አይታው «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ትከሻ አንስቼ አላውቅም» አለች። አላነሳሽውም፣ እኔ ነኝ ያቆምኩት፣ አልኳት። እውነትሽን ነው አለች። እንደገና ቀደመችኝ።

አሁን ፎቶ ቤት ለምትገቡ ልጆች የማውቀው ይሄ ነው። ነጭ የለበሰን ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ስታነሱ ብርሃን አትጨምሩበት። ሰውየውን ከግድግዳው አርቁት፣ ግድግዳውን ለብቻው አብሩት፣ በሁለቱም ጎኑ ጥቁር አቁሙ። ጥቁሩ ካልቆመ ሰውየው ይጠፋል። ጥቁሩ ፎቶው ውስጥ አይገባም።